የአየር ጎዳናና የኮምፒዩተር ስሌት፤ በሰማይ ላይ የሚበጀውን መስመር የመፈለግ ታሪክ

በምድር ላይ የሚጓዝ ሰው መንገዱን በዓይኑ እያየ ይሄዳል። ተራራ ቢገጥመው ይዞረዋል፤ ወንዝ ቢሞላበት መሻገሪያ ይፈልጋል። በደመና ውስጥ የሚበር አብራሪ ግን የሚያየው ነገር የለም። የሚጓዘው በፊቱ ያሉት መሣሪያዎች በሚያመለክቱት አቅጣጫና በምድር ላይ ያሉ የበረራ ተቆጣጣሪዎች በሚሰጡት ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህም ከመነሣቱ አስቀድሞ የሚሄድበትን መስመር ከነጥብ ወደ ነጥብ፣ ከከፍታ ወደ ከፍታ ዘርዝሮ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ይህ ዝርዝር የበረራ ዕቅድ ይባላል። ዕቅዱን ለማዘጋጀት በቀድሞው ዘመን ካርታ፣ ማስመሪያና እርሳስ ይበቁ ነበር፤ ዛሬ ግን የሥራው ዋና ክፍል ለኮምፒዩተር ተላልፏል።

የዚህ ሽግግር ታሪክ የአቪዬሽን ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሒሳብ፣ የአየር ጠባይ ጥናት፣ ሕግና የኮምፒዩተር ሙያ የተገናኙበት መስክ በመሆኑ፣ ለማናቸውም የስሌት ሥራ ባለቤት የሚያስተምረው ብዙ ነው። በአማርኛ «አየር መንገድ» የሚለው ቃል አውሮፕላን የሚያሠማራውን ድርጅት ለማመልከት ስለ ተለመደ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አውሮፕላኖች እንዲጓዙበት የተወሰነው መስመር «የአየር ጎዳና» ተብሎ ተጠርቷል። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎዳናዎቹ እንዴት ተቀየሱ

የመጀመሪያዎቹ የአየር ጎዳናዎች የተቀየሱት በእሳት ብርሃን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፌብሩዋሪ 1921 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ደብዳቤ በሌሊት ጭምር በአየር ማድረስ እንደሚቻል ለማስመስከር ሲነሣ፣ በመስመሩ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደመራ እያነደዱ ለአብራሪው ለጃክ ናይት አቅጣጫ አሳይተውታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደመራው በሚሽከረከር የመብራት ማማ መተካት ጀመረ። መብራት ግን በጉምና በደመና ውስጥ አይታይም። በሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 ጂሚ ዱሊትል የተባለው መኮንን መቀመጫው ተሸፍኖ ወደ ውጭ ምንም ሳያይ፣ በመሣሪያ ብቻ እየተመራ ተነሥቶ፣ በርሮና ተመልሶ በማረፍ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። አውሮፕላንን በመሣሪያ ብቻ ማብረር እንደሚቻል ከዚያ ወዲያ አላጠራጠረም። የቀረው ጥያቄ በዓይን የማይታየውን መንገድ እንዴት ማመልከት እንደሚቻል ነበር።

መልሱ የተገኘው ከሬዲዮ ነው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተተከሉት ጣቢያዎች ሁለት የሞርስ ምልክቶችን ያስተላልፉ ነበር። አብራሪው ከመስመሩ በአንደኛው ወገን ሲሆን አጭርና ረዥም ድምፅ፣ በሌላው ወገን ሲሆን ረዥምና አጭር ድምፅ ይሰማል። በትክክል በመስመሩ ላይ ሲገኝ ሁለቱ ምልክቶች እርስ በርስ ተጋጥመው አንድ ያልተቋረጠ ድምፅ ይሆናሉ። ሰማዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮ የሚሰማ ጎዳና አገኘ ማለት ነው። በአሜሪካ ለነዚህ ጎዳናዎች የቀለም ስም ተሰጣቸው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘረጉት አረንጓዴና ቀይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጉት ቢጫና ሰማያዊ ተባሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ቪ.ኦ.አር. የሚባለው ጣቢያ መጣ። ይህ ጣቢያ አውሮፕላኑ ከእርሱ አኳያ በስንት ዲግሪ አቅጣጫ ላይ እንዳለ ስለሚያስታውቅ፣ ጎዳናዎችን በማናቸውም አቅጣጫ መዘርጋት ተቻለ። ከ1950 ጀምሮ የተከፈቱት የአሜሪካ «ቪክተር» ጎዳናዎች በነዚህ ጣቢያዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ስፋታቸውም ከመካከለኛው መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ አራት አራት የባሕር ማይል ነው። በ1944 በቺካጎ የተደረገው ጉባኤ፣ ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት፣ የዓለም አገሮች በአየር ጉዞ ረገድ በአንድ ደንብ እንዲተዳደሩ መሠረት ስለ ጣለ፣ የጎዳና፣ የነጥብና የከፍታ አሰያየም ከአገር አገር ሊግባባ ቻለ።

ጎዳናው ለምን እንዳስፈለገ ከሁሉ ይልቅ ያስረዳው ግን አንድ አሳዛኝ አደጋ ነው። በጁን 30 ቀን 1956 ጧት ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች በሦስት ደቂቃ ልዩነት ከሎስ አንጀለስ ተነሡ፤ አንደኛው ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ሁለተኛው ወደ ቺካጎ የሚሄድ ነበር። ሁለቱም በመንገዳቸው ላይ ቁጥጥር ከሚደረግበት ጎዳና ውጭ፣ አጠር ባለ መስመር ይጓዙ ነበር። በዚያ አየር ክልል ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚያራርቅ ተቆጣጣሪ አልነበረም፤ እያዩ መተላለፍ የአብራሪዎቹ ድርሻ ነበር። በግራንድ ካንየን በላይ፣ ወደ 21,000 ጫማ ከፍታ ላይ ተጋጩ። በሁለቱ ውስጥ የነበሩት 128 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የአየር ክልሉን አስተዳደር በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር የሚያጠቃልል ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የበረራን መስመር ለማሳጠር የሚነሣ ባለሙያ ሁሉ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ጎዳናው ጠመዝማዛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነፋስና ቀጥተኛ መስመር

በክብ ምድር ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መስመር ታላቁ ክብ የሚባለው ቅስት ነው። ይሁንና በርቀት አጭር የሆነው መስመር በጊዜም ሆነ በነዳጅ አጭር ላይሆን ይችላል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 150 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላው ቢያገኝ በምድር ላይ 950 ይጓዛል፤ ያው ነፋስ ከፊቱ ቢመጣበት 650 ብቻ። የጀርመኑ የሒሳብ ሊቅ ኤርንስት ዘርሜሎ በ1931 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን ጉዳይ በንጹሕ የሒሳብ መልክ አቅርቦታል። ጥያቄው ነፋሱ ከቦታ ቦታ በሚለዋወጥበት አየር ውስጥ አንድ መርከበኛ በየቅጽበቱ ፊቱን ወዴት ቢያዞር በአጭር ጊዜ ይደርሳል የሚል ነው። ዘርሜሎ መልሱን በልዩነት ስሌት አስቀመጠ። ያንን ስሌት በየዕለቱ፣ ለየበረራው የሚያከናውን መሣሪያ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም።

የጄት አውሮፕላኖች ዘመን ሲመጣ ጥያቄው ከመጽሐፍ ወደ ገበያ ወረደ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ በየቀኑ ቦታውን ይለውጣል። ወደ አውሮፓ የሚሄደው ሁሉ ሊገባበት፣ ወደ አሜሪካ የሚመለሰው ሁሉ ሊሸሸው ይሻል። ሁሉም በየፊናው የሚበጀውን መስመር ቢመርጥ ግን ራዳር በማይደርስበት ባሕር ላይ መተራመስ ይሆናል። ስለዚህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ነፋሱ ሁኔታ፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ ጊዜያዊ ጎዳናዎች መታወጅ ተጀመረ። ቀን ወደ ምዕራብ ለሚጓዙት የሻንዊክ፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚጓዙት የጋንደር የቁጥጥር ማዕከል መስመሮቹን ያወጣል። ይህ አሠራር የዘርሜሎ ሒሳብና የግራንድ ካንየን ትምህርት የታረቁበት ነው ሊባል ይችላል።

ከአምስተርዳም የተገኘው ዘዴ

በየብስ ላይ ያለው ጉዳይ ሌላ መልክ ነበረው። በአህጉሮች ላይ ጎዳናዎቹ ቋሚ ናቸው፤ አብራሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በተወሰኑ መገናኛ ነጥቦች ነው። ስለሆነም ጥያቄው የነፋስ ብቻ ሳይሆን የመረብ ጥያቄ ይሆናል፤ ነጥቦችና ማያያዣዎች ባሉት መረብ ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያደርሰው አነስተኛ ዋጋ ያለው መስመር የትኛው ነው? ነጥቦቹ በሺህ ሲቆጠሩ፣ ሊኖሩ የሚችሉትን መስመሮች ሁሉ ቆጥሮ ማወዳደር ለኮምፒዩተርም ቢሆን የማይሞከር ነው።

ለዚህ ጥያቄ መፍትሔ ያገኘው የኔዘርላንድ ተወላጅ ኤድስገር ዳይክስትራ ነው። ዘመኑ 1956 ነበር። በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል የተሠራውን አርማክ የተባለ ኮምፒዩተር ለሕዝብ ለማሳየት፣ ሒሳብ ያልተማረ ሰው እንኳ ሊረዳው የሚችል ጥያቄ ተፈለገ። ዳይክስትራ በኔዘርላንድ ከተሞች መካከል አጭሩን መንገድ ማግኘትን መረጠ። በኋላ እንደ ተናገረው፣ ዘዴውን ያሰበው ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞሩ ደክሟቸው ቡና ለመጠጣት በተቀመጡበት ቦታ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ለማሳያው 64 ከተሞችን ወሰደ፤ ስድሳ አራቱን በስድስት ቢት ለይቶ መጻፍ ይቻል ነበርና። ዘዴውን በጽሑፍ ያሳተመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1959 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመነሻው አጠገብ ያሉት ነጥቦች ርቀታቸው ይመዘገባል። ከተመዘገቡት ሁሉ የቀረበው ይመረጥና ርቀቱ የመጨረሻ ተብሎ ይጸድቃል፤ ከእርሱ ይበልጥ የቀረበ ሌላ ስለሌለ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ወደ እርሱ የሚደርስ አጭር መንገድ ሊኖር አይችልም። ከዚያም ከጸደቀው ነጥብ በመነሣት የጎረቤቶቹ ርቀት ይሻሻላል፤ ከቀሩት የቀረበው እንደገና ይጸድቃል። መድረሻው ሲጸድቅ ሥራው ያበቃል። እያንዳንዱ ነጥብ የሚጸድቀው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መስመሮች ጥያቄ በልክ የሚሠራ ሆነ።

ጉድለቱ ዘዴው ወዴት እንደሚሄድ አለማወቁ ነው። ከፓሪስ ወደ ሮም መንገድ ቢፈለግ ወደ ለንደን የሚወስዱትንም ጎዳናዎች በእኩል ትጋት ይመረምራል። በ1968 በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ባልደረቦች የነበሩት ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል፣ ሻኪ ለተባለው ተንቀሳቃሽ ሮቦት መንገድ ሲፈልጉ ይህንን አሻሻሉ። ኤ-ስታር የተባለው ዘዴያቸው እስከዚያ ድረስ በተከፈለው ዋጋ ላይ እስከ መድረሻው የሚቀረውን ግምት ይጨምርበታል፤ ቀድሞ የሚመረመረውም ድምሩ አነስተኛ የሆነው ነጥብ ነው። ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ እስካልበለጠ ድረስ የሚገኘው መስመር ከሁሉ የተሻለው መሆኑ በማረጋገጫ ተደግፏል። ለአየር ጉዞ ይህ ግምት እንደ ተዘጋጀ የሚቆጠር ነው፤ የታላቁን ክብ ርቀት አውሮፕላኑ በጣም በተመቸው ነፋስ ሊያገኝ በሚችለው ፍጥነት ማካፈል ብቻ ይበቃል።

ከሒሳብ ወደ ሰማይ

ዘዴው በወረቀት ላይ የተሟላ ቢመስልም፣ ለአየር ጎዳናዎች ፕሮግራም ለመሥራት የተነሡ ባለሙያዎችን ያስቸገሩ ነገሮች አያሌ ናቸው። ከሁሉ በፊት፣ በአየር ላይ አንድ ነጥብ አንድ ነጥብ አይደለም። አንዳንዱ ጎዳና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ነው፤ ከፍታዎቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ለሚጓዙት ተከፋፍለዋል፤ አንዳንዱ ማያያዣ ወደ ተወሰነ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚሄዱት ክልክል ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ነጥብ በየትኛው ጎዳናና በየትኛው ከፍታ እንደ ተደረሰ ካልታወቀ፣ ከዚያ ወዴት ማለፍ እንደሚቻል መናገር አይቻልም። ፕሮግራሙ ነጥቡን፣ ጎዳናውንና ከፍታውን አንድ ላይ አጣምሮ እንደ አንድ ሁኔታ መቁጠር ግድ ሆነበት፤ በዚህም የመረቡ መጠን ብዙ እጥፍ አደገ።

ሁለተኛው ችግር ክብደት ነው። አውሮፕላን በከበደ መጠን ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ብዙ ነዳጅ በጫነ መጠን ይከብዳል። ስለሆነም የአንድ ማያያዣ ዋጋ አስቀድሞ የተቆረጠ ቁጥር ሳይሆን፣ አውሮፕላኑ እዚያ በደረሰበት ሰዓት ባለው ክብደት ላይ የሚመሠረት ነው። እዚህ ላይ ስሌቱ ሁለት ራስ አለው። ነፋሱ የሚታወቀው ሰዓቱ ከመነሻ ወደ ፊት ሲቆጠር ነው፤ ክብደቱ ደግሞ በእርግጥ የሚታወቀው ከመድረሻ ወደ ኋላ ሲቆጠር ነው፤ በሚያርፍበት ጊዜ ምን ያህል መጠባበቂያ ነዳጅ ሊተርፈው እንደሚገባ የተወሰነ ነውና። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ግምት ወስዶ ማስላት፣ ግምቱን አርሞ እንደገና ማስላት፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል እስኪሆን ድረስ መመላለስ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋው የታየው ከ1973 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት መጨረሻ የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ በበርሜል ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ሲያሻቅብ፣ በአንድ በረራ ላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ነዳጅ ማዳን የድርጅቶች የሕልውና ጉዳይ ሆነ። አዲስ አበባን ለመሰለ ከፍተኛ ቦታ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የሞተሩም ጉልበት፣ የክንፉም የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም በዝቅተኛ ቦታ ሊነሣበት በሚችለው ክብደት ከዚህ አይነሣም። በዕቅድ ጉድለት በትርፍ የተጫነ አንድ ቶን ነዳጅ በቀጥታ የአንድ ቶን ጭነት ቦታ ይወስዳል።

ሦስተኛው ችግር መረቡ ራሱ የማይረጋ መሆኑ ነው። ከ1964 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የጎዳናዎችና የነጥቦች ለውጥ በየ28 ቀኑ በአንድ የተወሰነ ዕለት ሥራ ላይ ይውላል። በ1975 ደግሞ ይህ መረጃ በኮምፒዩተር ሲጻፍ የሚከተለው አንድ ወጥ ደንብ ታተመ። ከነዚህ መደበኛ ለውጦች ሌላ ጦርነትና ፖለቲካ ጎዳናን በአንድ ሌሊት ይዘጋሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር፤ ያ መስመር ከ1998ቱ ጦርነት እስከ ጁላይ 2018 ድረስ ለሃያ ዓመት ተዘግቶ ኖረ። በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የዚያች አገር አየር ክልል ለሲቪል በረራ በመዘጋቱ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎች ሌላ መዞሪያ መፈለግ ነበረባቸው። ለፕሮግራሙ ይህ ሁሉ ከመረቡ ላይ ጥቂት ክሮችን የመበጠስ ጉዳይ ነው፤ ለመንገደኛውና ለድርጅቱ ግን የሰዓትና የነዳጅ ዕዳ ነው።

አንዲት ቁጥር የምታመጣው ጥፋት

የስሌቱ ዘዴ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ የተመሠረተበት መረጃ የተሳሳተ እንደ ሆነ ውጤቱ ከጉዳት አያድንም። በኖቬምበር 28 ቀን 1979 ከኒውዚላንድ ተነሥቶ ጎብኚዎችን ወደ አንታርክቲካ የወሰደው የመንገደኛ አውሮፕላን ከኤረበስ ተራራ ጋር ተጋጭቶ 257 ሰዎች ሞቱ። የመስመሩ ነጥቦች በምድር ላይ ባለ ኮምፒዩተር ተመዝግበው ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ በፊት መረጃው ሲገባ የመጨረሻው ነጥብ ኬንትሮስ በሁለት ዲግሪ ተሳስቶ ስለ ተጻፈ፣ መስመሩ በተራራው ላይ ሳይሆን በጎኑ ባለው የባሕር ሰርጥ ላይ የሚያልፍ ሆኖ ቆየ። አብራሪዎቹ መግለጫ የተሰጣቸው በዚያው መስመር ነው። በበረራው ዋዜማ ሌሊት ቁጥሩ ታረመ፤ መታረሙ ግን ለአብራሪዎቹ አልተነገረም። የመጀመሪያው ምርመራ ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ ሲያደርግ፣ በ1981 የቀረበው የዳኛ ፒተር ማሆን ዘገባ ዋናው ምክንያት ሳይነገር የተደረገው ለውጥ ነው አለ። ለፕሮግራም ሠሪዎች የቀረው ትምህርት ስሕተትን ማረም ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ ለውጡ የሚነካው ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 20 ቀን 1995፣ ወደ ኮሎምቢያዋ ካሊ የሚወርድ አውሮፕላን ላይ ሌላ ዓይነት ጉድለት ታየ። አብራሪዎቹ ሮዞ ወደሚባለው የሬዲዮ ጣቢያ ለመሄድ አስበው በበረራ ኮምፒዩተሩ ላይ «አር» የምትለውን አንዲት ፊደል አስገቡ። ኮምፒዩተሩ ግን በዚያች ፊደል የመዘገበው በቦጎታ አጠገብ የሚገኘውን ሮሜዮ የሚባል ሌላ ጣቢያ ነበር። አውሮፕላኑ በጨለማ ወደ ተራራው ዞረ፤ ከ163 ሰዎች የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። በዓለም ላይ ተመሳሳይ ስም የያዙ ነጥቦች ብዙ ናቸው። ጥሩ ፕሮግራም ነጥብን በስሙ ብቻ ሳይሆን በሚገኝበት ቦታ ጭምር ይለያል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ ያለ ቅጥ የራቀ ነጥብ ሲገጥመውም ሳይጠይቅ አያልፍም።

ጎዳናው ሲላላ

በ1990ዎቹ አጋማሽ አውሮፓ የበረራ ዕቅዶችን ሁሉ በአንድ ማዕከል መቀበልና በኮምፒዩተር መመርመር ጀመረች። ከደንቡ አንዱን የሚጥስ ዕቅድ ወዲያው ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ የመስመር ፈላጊው ፕሮግራም ተግባር ተለወጠ፤ አጭሩን መስመር ማግኘት ብቻ ሳይሆን ተቀባይነት ያለውን አጭር መስመር ማግኘት ሆነ። ከተለመዱት አሠራሮች አንዱ የተገኘውን መስመር ለምርመራ ማቅረብ፣ ተመላሽ ከሆነ የተጣሰውን ደንብ አንብቦ ያንን ማያያዣ መከልከል፣ ከዚያም ፍለጋውን እንደገና መጀመር ነው። ጉዳዩ በመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ይዞ ከመመላለስ ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ ሁሉም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መፈጸሙ ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የጎዳናው መሠረት ራሱ እየላላ መጣ። አውሮፕላኖች ቦታቸውን በሳተላይት በትክክል ማወቅ ሲችሉ፣ ከሬዲዮ ጣቢያ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ መጓዝ አስገዳጅነቱ ቀረ። በሜይ 2009 ፖርቱጋል በሊስቦን አየር ክልል ውስጥ በረራዎች ከመግቢያ ነጥብ እስከ መውጫ ነጥብ ያለ ቋሚ ጎዳና እንዲያልፉ ፈቀደች፤ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተከተሏት። የሚገርመው ግን ነፃነቱ ስሌቱን አለማቅለሉ ነው። በጎዳና ዘመን እያንዳንዱ ነጥብ የሚያያዘው ከጥቂት ጎረቤቶቹ ጋር ነበር። በነፃው ክልል 1,000 ነጥቦች ቢኖሩ ሊኖሩ የሚችሉት ጥንድ ማያያዣዎች 499,500 ይሆናሉ። ጎዳናው ለተቆጣጣሪው ሥርዓት ማስያዣ እንደ ነበረ ሁሉ ለስሌቱም ማቅለያ ነበር። እርሱ ሲነሣ ጥያቄው ተመልሶ ዘርሜሎ በ1931 ወዳቀረበው መልክ ይጠጋል፤ ሰማዩ ክፍት ነው፣ ነፋሱ ይለዋወጣል፣ የሚበጀው አቅጣጫ በየነጥቡ ይፈለጋል።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል ያልተነካ አንድ ሥርዓት አለ። ኮምፒዩተሩ ያወጣውን ዕቅድ ሰው አይቶ ያጸድቀዋል። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ፣ በመደበኛ የመንገደኛ በረራ ላይ ዲስፓቸሩና ካፒቴኑ ለዕቅዱ በጋራ ተጠያቂዎች ናቸው፤ ሁለቱም ካልተስማሙ አውሮፕላኑ አይነሣም። የግራንድ ካንየን፣ የኤረበስና የካሊ ታሪክ በአንድነት ሲታይ ይህ ሥርዓት ለምን እንደ ተጠበቀ ግልጽ ይሆናል። ፕሮግራሙ በብዙ ሺህ መስመሮች መካከል የሚበጀውን በሰከንድ ይመርጣል፤ የተሰጠው ቁጥር እውነት መሆኑን፣ የተከለከለውም የተከለከለበት ምክንያት እስካሁን መኖሩን ማጣራት ግን አሁንም የባለሙያው ሥራ ነው። መስመር ፈላጊ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎችም በየ28 ቀኑ አዲሱን መረጃ ሲቀበሉ ከስሌቱ ፍጥነት አስቀድመው ሊመለከቱት የሚገባው ይህንኑ ነው።